ክብደት ነው ወይስ ጌጥ? በእንግሊዝ ዳንቴል ሠሪዎች ቦቢን ላይ ስለሚታሰረው የዶቃ ቀለበት

ዳንቴል ሲባል አብዛኞቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው በኪሮሽ የተሠራ የጠረጴዛ ልብስ ወይም የሶፋ ማልበሻ ነው። አንዲት ኪሮሽ፣ አንድ ድውር ክርና ትዕግሥት ካለ የእኛ አገር ዳንቴል ይሠራል። አውሮፓውያን ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያስፋፉት ሌላው ዓይነት ግን የሚሠራው ጥቅጥቅ ተደርጎ በተሞላ ትራስ ላይ ነው። ንድፉ በብራና ላይ በነጥብ በነጥብ ተወግቶ ትራሱ ላይ ይነጠፋል፤ በየቀዳዳው ስፒል ይሰካል፤ ክሮቹ በስፒሎቹ ዙሪያ እየተጠላለፉ ይወርዳሉ። እያንዳንዱ ክር የሚጠቀለልበት የራሱ ቀጭን እንጨት አለው፤ ቦቢን የሚባለው እሱ ነው። ከስፌት መኪናዋ ክብ ቦቢን ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ሲሆን፣ በአገልግሎቱ የሚቀርበው ለሸማኔያችን ቀሰም ነው። ቦቢኖች የሚሠሩት በጥንድ ነው። የጥበቡ ሁሉ መሠረትም ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ አንዱን ክር በሌላው ላይ ማሻገርና ማጠማዘዝ። በ1561 እ.ኤ.አ. በዙሪክ የታተመ አንድ የንድፍ መጽሐፍ ሙያው ወደዚያች ከተማ የገባው በ1536 ከቬኒስ በመጡ ነጋዴዎች እጅ እንደሆነ ይናገራል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከጣሊያንና ከፍላንደርስ ተነሥቶ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ጀርመንና ወደ እንግሊዝ ሲዛመት በየደረሰበት የቦቢኑ መልክ ተለዋወጠ። አንዱ ለውጥ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል፤ የዚህ ዳሰሳ ጉዳይም እሱ ነው።

ለውጡ የታየው ከለንደን በስተሰሜን ባሉት በቤድፎርድሺር፣ በባኪንግሃምሺርና በኖርዝሃምፕተንሺር አውራጃዎች ነው። የእነዚህ አውራጃዎች ሴቶች ይሠሩባቸው የነበሩት ቦቢኖች በአብዛኛው ጭራቸው ላይ በሽቦ የታሰረ የዶቃ ቀለበት አላቸው። ቀለበቱ ሲታይ ቀላል ነው፤ ሲታሰር ግን ዘዴ ይፈልጋል። ቦቢኑ ከአሥር ሴንቲ ሜትር ብዙም ያልራቀ፣ ከእንጨት ወይም ከአጥንት በቶርኖ የተጠረበ ዘንግ ነው። ከጭራው ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ቀጭን ቀዳዳ ይበሳል። ከዚያ በናስ ወይም በመዳብ ሽቦ ላይ ብዙውን ጊዜ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዶቃ ይሰካል፤ በግራና በቀኝ ሦስት ወይም አራት ትናንሾች፣ ከታች መሐል ላይ አንድ ትልቅ። የሽቦው ጫፍ በቦቢኑ ቀዳዳ ካለፈ በኋላ በሌላው ጎን ባሉት ዶቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይገባል፣ በፒንሳ ይጠብቃል፣ ትርፉ ከሥሩ ይቆረጣል። ጫፉ ዶቃ ውስጥ ካልተደበቀ ክር ይነጨዋል። ቀለበቱ ከመጠን በላይ ከጠበቀ አይወዛወዝም፤ ከላላ ደግሞ በዶቃዎቹ መካከል ክፍተት ይፈጠርና ስፒል ይይዛል፣ ከጎረቤት ቦቢን ጋርም ይጠላለፋል። ይህን ያህል ጥንቃቄ የተደረገበት ነገር ዝም ብሎ ለማማር የተንጠለጠለ አይመስልም። በሌላ በኩል የቀለሙ ብዛትና የዶቃው ዓይነት ለክብደት ብቻ የተደረገ ነው ብሎ መደምደምም ያስቸግራል። ስለ ጉዳዩ የጻፉ ሰዎች በሁለት ጎራ የተከፈሉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዱ ጎራ ዶቃው መሣሪያ ነው ይላል፣ ሌላው ጌጥና መታሰቢያ ነው ይላል። ጥያቄው ከሥሩ በስሕተት የተቀመጠ ነው ባይ ነኝ። ክብደቱ የሚያስረዳን ቀለበቱ ለምን እንደተንጠለጠለ ነው፤ ቀለበቱ ላይ ምን እንደተሰካ ግን አያስረዳም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ከተለያየ ቦታ ይመጣል።

ከመሣሪያነቱ እንጀምር። ክር በስፒል ዙሪያ በተጠማዘዘ ቁጥር እኩል ካልተወጠረ ዳንቴሉ አንድ ቦታ ይላላል፣ አንድ ቦታ ይሸበሸባል። ሠሪዋ በአንድ ጊዜ የምትነካው ጥቂት ጥንዶችን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ትራሱ ላይ ተኝተው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውጥረታቸውን የሚጠብቀው የራሳቸው ክብደት ነው። ሌላም ችግር አለ። ክር ሲፈተል የከረረ ነው፤ ቦቢኑ በዘንጉ ዙሪያ በተንከባለለ ቁጥር ክሩም አብሮ ይዞራል። በአንድ አቅጣጫ ከተንከባለለ ክረቱ ይፍታታና ይሳሳል፣ በሌላው አቅጣጫ ከተንከባለለ ከልኩ በላይ ከርሮ ይቋጠራል። ለስላሳና ክብ የሆነ ቀጭን ዘንግ ደግሞ ትራስ ላይ ካስቀመጡት መንከባለል ልማዱ ነው። የዶቃው ቀለበት ሁለቱንም ይፈታል፤ ለቦቢኑ ክብደት ይጨምራል፣ ጭራውንም በጎኑ ያስተኛና እንዳይዞር ይይዘዋል። ለዚህ ሥራ ተመራጭ የነበረው ትንሽ ዶቃ አሠራሩ ራሱ ይህን ይመሰክራል። ብርጭቆው ሽቦ ላይ ቀልጦ ሳይቀዘቅዝ በሞረድ አራት ጎኑ ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ ዶቃው አራት ማዕዘን ይሆናል፣ በየጎኑም የሞረዱ ጥርስ የተወው ጭረት ይቀራል። ጥርት ያለው ነጭና ሮዝማው ቀይ ከሁሉ በላይ የተለመዱ ናቸው። ክብ ዶቃ ይንሸራተታል፤ ይህኛው ግን ጎኑም ጭረቱም የትራሱን ጨርቅ ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል።

እስከዚህ ድረስ የመጀመሪያው ጎራ ያሸነፈ ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ዓይናችንን ከሦስቱ አውራጃዎች ስናነሣ ነው። የፍላንደርስ ሴቶች በዓለም የታወቀውን ረቂቅ ዳንቴል የሠሩት አንድም ዶቃ ሳያንጠለጥሉ ነው፤ የእነሱ ቦቢን ከታች ወፈር ብሎ እንደ አምፖል ያበጠ ስለሆነ ክብደቱ ከራሱ ከእንጨቱ ይመጣል። በዚያው በእንግሊዝ፣ በደቡባዊ ባኪንግሃምሺር ሃይ ዊኮም አካባቢ ጭምር፣ ከጎረቤቶቻቸው ወፈር ያለ ዶቃ አልባ ቦቢን ይዘው የሚሠሩ ነበሩ። እንግዲህ ክብደት ያስፈልጋል ማለት ዶቃ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ከሁሉ የሚያስተምረው የደቡብ ምዕራቡ የዴቨን ምሳሌ ነው። በሆኒተን ከተማ ስም የሚጠራው የዴቨን ዳንቴል በአበባ፣ በቅጠል፣ በሐረግ ተለያይቶ ተሠርቶ በኋላ የሚጋጠም ነው። ለማጋጠም ሠሪዋ ቀጭን መንጠቆ በተሠራው ጠርዝ ቀዳዳ ታስገባለች፣ ክሩን ስባ ትንሽ ዓይን ታወጣለች፣ ከዚያም ሌላውን ቦቢን ሙሉ በሙሉ በዚያች ዓይን ታሳልፈዋለች። በዚህ ቅጽበት የዶቃ ቀለበት ቢኖር ሥራው እዚያው ይቆማል። የዴቨን ቦቢን ስለዚህ ቀላል፣ ልሙጥና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። የሦስቱ አውራጃዎች ዳንቴል በአብዛኛው ከዳር እስከ ዳር መሬት የሚሆነው መረቡም አበባውም አብሮ ወጥ ሆኖ የሚወርድ በመሆኑ ቦቢንን በዓይን የማሳለፍ ጣጣ ብዙ የለበትም። ይህ ግን ለዶቃው በር ከፈተለት እንጂ ዶቃውን አልወለደውም፤ የፍላንደርሱ የሜክለን ዳንቴልም ወጥ ነው፣ ዶቃ ግን አላስፈለገውም።

ታዲያ ዶቃውን ምን ወለደው? ከማስረጃው ጋር ከሁሉ የሚስማማው መልስ የቦቢኑ መቅጠን ነው። የሦስቱ አውራጃዎች ረቂቅ ዳንቴል ሰፋ ሲል ብዙ ደርዘን ጥንዶችን፣ አንዳንዴም ከመቶ ጥንድ በላይ ይጠይቃል፤ ሁሉም አንድ ትራስ ላይ ጎን ለጎን መተኛት አለባቸው። እንደ አምፖል ያበጠ ጭራ ቦታ ይበላል። ቦቢኑ ከላይ እስከ ታች እኩል ቀጭን ከሆነ በዚያው ስፋት ብዙ ቦቢን ይደረደራል፤ ነገር ግን ከእብጠቱ ጋር ክብደቱም ይቀራል። የቀረው ክብደት በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ተመለሰ። የትራሱም ቅርጽ ነገሩን ያግዛል። የአካባቢው ትራስ በገለባ ተጠቅጥቆ የተሞላ፣ የተድበለበለና በእንጨት መቆሚያ ተደግፎ ወደ ሠሪዋ ያዘነበለ ነበር። ቦቢኖቹ ሜዳ ላይ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ ነው የሚያርፉት፤ ቁልቁለት ላይ ያለ ለስላሳ ዘንግ ደግሞ የሚይዘው ይፈልጋል። ዛሬ በጠፍጣፋ ክብ ትራስ የሚሠሩ ሰዎች «ያለ ዶቃም ሞክሬዋለሁ፣ ልዩነት የለውም፣ ስለዚህ ዶቃው ጌጥ ብቻ ነው» ሲሉ ይደመጣሉ። ሙከራቸው እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን አይከተልም። ትራሱ ሲቀየር ችግሩም ተቀይሯል፤ የጥንቷን ሠሪ ችግር በዛሬው ትራስ ላይ መመዘን አይቻልም።

ለክብደት ያለኝ ጥብቅና እዚህ ላይ ያበቃል። ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ትንሽ የእርሳስ ፍሬ ይበቃ ነበር፤ ሁሉም ቦቢን አንድ ዓይነት ዶቃ ቢይዝም በበቃ ነበር፤ እንዲያውም ውጥረቱ እኩል እንዲሆን አንድ ዓይነት መሆኑ ይሻል ነበር። የተረፉልን ቦቢኖች የሚያሳዩት ተቃራኒውን ነው። ከአራት ማዕዘን ዶቃዎቹ በታች መሐል ላይ የሚንጠለጠለው ትልቁ ፍሬ የፈለገው ሊሆን ይችላል። ከቬኒስ ሙራኖ ደሴት የመጣ አበባ የተሳለበት ዶቃ ይገኛል፤ የጫማ ቁልፍ ይገኛል፤ የልብስ ቁልፍ፣ ዛጎል፣ የደረቀ የዛፍ ፍሬ፣ የተበሳ ሳንቲም ይገኛል። የአንድ ትራስ ቦቢኖች ሁለት ቀለበት አንድ ዓይነት ሳይኖራቸው ሊደረደሩ ይችላሉ። የዚህን ዝርያ ብዛት ከዓለም የዶቃ ንግድ ነጥሎ ማየት አይቻልም። የቬኒስ ብርጭቆ በርካሽ ዋጋ ዓለምን ያዳረሰበት ዘመን ነበር፤ በምጽዋ በኩል ወደ እኛም አገር ገብቶ አንገትና እጅ አስጊጧል። እንግሊዝ ገጠር ውስጥ የአንገት ሐብል ተበጥሶ ሲበተን ፍሬዎቹ ቦቢን ላይ የሚያልቁት ከዚሁ ከተትረፈረፈ ዶቃ የተነሣ ነው።

የዚህን የዶቃ መለያየት ትርጉም ለመረዳት የሠሪዋን ኑሮ ማየት ያስፈልጋል። ባለቅኔው ዊልያም ካውፐር በሚኖርባት በኦልኒ ከተማ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የሚጠጉ ዳንቴል ሠሪዎች እንዳሉና አብዛኞቹም በችጋር ላይ እንደሆኑ በ1780 በጻፈው ደብዳቤ ገልጿል። ሙያው የሚጀመረው በልጅነት ነው፤ የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃናት ዳንቴል ትምህርት ቤት በሚባሉ ጠባብ ክፍሎች ተደርድረው ይሠሩ ነበር። ማታ ማታ በአንድ ሻማ ዙሪያ ውኃ የሞላባቸው የብርጭቆ ሉሎች ይቀመጣሉ፤ ሉሉ የሻማውን ብርሃን ሰብስቦ በየትራሱ ላይ ይጥላል፣ አንዲት ሻማም ለብዙ ሰው ትበቃለች። ክሩን የሚሸጠው የዳንቴል ነጋዴው ነው፤ የተሠራውን የሚገዛውም ያው ሰው ነው፤ ንድፉ የተወጋበትን ብራናም ብዙ ጊዜ የሚያመጣው እሱ ነው። ዳንቴሉ አልቆ ከትራሱ ሲነሣ ወደ ማታውቀው ሰው ልብስ ይሄዳል። የሠሪዋ ሆኖ የሚቀረው ትራሱና ቦቢኑ ነው፤ ቦቢኑም ቢሆን ቶርኖ ካለው ሰው የተገዛ ነው። ዶቃው ግን እሷው የመረጠችው፣ እሷው የሰካችው፣ ሲበጠስም እሷው የምትጠግነው ነው። ነጋዴው ስለ ክሩ ጥራት፣ ስለ ንድፉ፣ ስለ ዳንቴሉ ስፋት አስተያየት አለው፤ ስለ ዶቃው ቀለም ግን ምንም ጉዳይ የለውም። ጭራው ላይ መንጠልጠል ያለበት ነገር ክብደት እስካለው ድረስ ምንም ቢሆን ሥራውን አይጎዳም። ሥራው ግድ ያለው ቀለበት ሠሪዋ የፈለገችውን የምትሞላበት ባዶ ቦታ ሆነ፤ የዶቃው ልዩ ልዩነትም የመጣው ከዚህ ነፃነት ነው።

ይህ ነፃነት ራሱ ጥቅም አልባ አልነበረም። ወጥ ዳንቴል ሲሠራ በአንድ መስመር ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው ጥንድ፣ ማለትም ሌሎቹን ሁሉ እያቋረጠ የሚመላለሰው፣ ከተሳሳተ መስመሩ ሁሉ ይበላሻል። ያንን ጥንድ በተለየ ዶቃ ምልክት ማድረግ ሠሪዋን ከመቁጠር ያድናታል፤ የዛሬ ሠሪዎችም ይህን ያደርጋሉ። ስለዚህ ጌጡ ተመልሶ መሣሪያ ይሆናል። ሁለቱን ጎራዎች የሚለየው መስመር እዚህ ላይ መደብዘዙ አይገርምም፤ ችግሩ መጀመሪያም መስመሩን ማስመሩ ላይ ነበር።

በዶቃው ላይ የተጫነው ሌላው ማብራሪያ እምነት ነው። ግራጫማ መሬት ላይ ቀይና ነጭ ነጥብ ያለው፣ ዓይን የሚመስል ዶቃ አለ። እኛ አገር ያደገ ሰው ይህን ሲያይ አእምሮው ወዲያው ወደ ቡዳ ይሄዳል፤ የእንግሊዝ ሰብሳቢዎችም ከክፉ ዓይን መጠበቂያ ነው የሚሉት አልጠፉም። ሠሪዎቹ ለዚህ ዶቃ ያወጡለት ስም ግን «የኪቲ ፊሸር ዓይን» ነው። ኪቲ ፊሸር በ1767 የሞተች፣ ሠዓሊው ጆሹዋ ሬይኖልድስ የሣላት፣ በውበቷና በወዳጆቿ ብዛት ለንደንን ያነጋገረች ሴት ነበረች። በገጠር ጎጆ የተቀመጠች ዳንቴል ሠሪ ዶቃዋን በዘመኑ በታወቀች ቆንጆ ስም መጥራቷ ከአስማት ይልቅ ስለ ወሬና ስለ ፋሽን ይናገራል። ዓይን የሚመስሉ ዶቃዎች በሌሎች አገሮች ለመከላከያ እንደሚታሰሩ እሙን ነው፤ ያን ልማድ ግን ያለ ማስረጃ ወደ ቤድፎርድሺር መውሰድ አያስኬድም።

ለመታሰቢያነት የሚከራከሩት ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠቅሱት የተጻፈባቸውን ቦቢኖች ነው። በአጥንት ዘንግ ላይ ትናንሽ ነጥቦች እየተወጉ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የተሞሉ ጽሑፎች አሉ፤ የልጅ ስምና የልደት ዓመት፣ የፍቅር ቃል፣ የሟች መታሰቢያ። ከእነሱ የሚብሱም አሉ። በቤድፎርድ የተሰቀሉ ወንጀለኞች ስም የተጻፈባቸው ቦቢኖች ዛሬም ይገኛሉ፤ በ1843 የተሰቀለችው ሣራ ዴዝሊ፣ በ1860 ጆሴፍ ካስል፣ በ1868 ዊልያም ዎርስሊ። አንዲት ሴት የተሰቀለ ሰው ስም ያለበትን አጥንት በጣቷ እያገላበጠች ለሙሽራ የሚሆን ዳንቴል ስትሠራ ማሰብ ይከብዳል፤ ነገሩ ግን እንዲያ ነው። እነዚህ ጽሑፎች ግን የቦቢን ሠሪው እጅ ውጤት ናቸው፤ ስቅላት በተፈጸመ ጊዜ ብዙ ቅጂ ተሠርቶ ለገዛ ሁሉ ተሽጧል። የሰው ዓይን የሚስበው ጽሑፉ ስለሆነ ስለ ሠሪዎቹ ሕይወት የሚጽፉ ሰዎች እሱ ላይ ይቆያሉ። እኔ ግን ስለ ሠሪዋ ምርጫ ለማወቅ የተሻለው ምስክር ጭራው ላይ ያለው ነው እላለሁ፤ ፊደል የማታውቀዋም ሴት የምትናገርበት ስለሆነ።

በዚህ አቋም ላይ ሊነሣ የሚችለው ከባዱ ተቃውሞ የማስረጃው ንጽሕና ነው። ሽቦ ያረጃል፣ ይሰበራል፤ ዶቃ ይወድቃል። አሮጌ ቦቢን የሚሸጡ ነጋዴዎች ዶቃ የሌለው ቦቢን ዋጋው ስለሚቀንስ ከሌላ ቦቢን ወስደው ወይም አዲስ ገዝተው ይሰኩበታል። ሰብሳቢዎችም የሚያምረውን ከሚያምረው ጋር ያጣምራሉ። ስለዚህ ዛሬ በመስታወት ውስጥ የምናየው ቀለበት የ1840ዎቹ ሠሪ ምርጫ ይሁን የ1970ዎቹ ሻጭ ምርጫ ለመለየት ይከብዳል። ተቃውሞው እውነት ነው፤ የሚጎዳው ግን ስለ አንድ ቦቢን ታሪክ የሚናገሩትን ነው። «ይህ ቁልፍ የባሏ የወታደር ልብስ ቁልፍ ነው» የሚል የሱቅ ወሬ ማስረጃ ከሌለው ወሬ ሆኖ ይቀራል። ስለ ልማዱ በጠቅላላው የምንለው ግን በሌላ ነገር ይጸናል። የጭራው ቀዳዳ በሽቦ ተበልቶ ሞላላ የሆነባቸው፣ አንዳንዴም እስከ ጫፉ ተሰንጥቆ ከፍ ብሎ ሌላ ቀዳዳ የተበሳላቸው ቦቢኖች አሉ፤ ይህን የሚያደርገው የዓመታት መወዛወዝ እንጂ የሻጭ እጅ አይደለም። በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆይተው እንደነበሩ ወደ ሙዚየም የገቡ ትራሶችም የዶቃውን መዘበራረቅ ያሳያሉ። ልማዱን በጽሑፍ ያቆየልን የኦልኒው ቶማስ ራይት በ1919 ያሳተመው መጽሐፍ ነው፤ ርዕሱ ራሱ የዳንቴል ትራስን በፍቅር ታሪክ መነጽር እንደሚያይ አይደብቅም። እሱን የመሰሉ ጸሐፊዎች ከተረት ጋር ብዙ ተጫውተዋል። የሄንሪ 8ኛ ሚስት የአራጎኗ ካትሪን ሙያውን ለአካባቢው ሴቶች አስተማረች የሚለው ወሬ የዚህ ዓይነት ነው። የቻርልስ ፍሪማን የ1958 ጽሑፍ በሉተን ሙዚየም ስብስብ ላይ ተመሥርቶ ረጋ ባለ መንፈስ የቀረበ በመሆኑ ራይትን ለማረም ይረዳል። ራይት ስለ ንግሥቶች የጻፈውን ትተን ከሚያውቃቸው አሮጊቶች የሰማውን ብንይዝ ኪሳራ የለብንም።

ሌላው ተቃውሞ የድህነት ነው። ዳቦ የሚቸግራት ሴት እንዴት ብላ ዶቃ ትገዛለች? ጥያቄው ፍትሐዊ ይመስላል፤ የታችኛውን ፍሬ ዓይነት ያየ ሰው ግን መልሱን ያገኛል። ቁልፍ፣ ዛጎል፣ የዛፍ ፍሬ፣ የተሰበረ ሐብል ፍሬ፤ ብዙው ከቤት የተገኘ ነው። በሞረድ የሚጨፈለቀውም ዶቃ አሠራሩ ሻካራ፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነበር። በዚያ ላይ ድሃ ጌጥ አያምረውም የሚለው አስተሳሰብ ከየትኛውም አገር ድሃ ጋር ያልኖረ ሰው አስተሳሰብ ነው።

ሙያውን የገደለው ማሽን ነው። ጆን ሂዝኮት በ1808 እና በ1809 የዳንቴል መሬት የሆነውን መረብ በማሽን ለመሥራት የባለቤትነት መብት አወጣ፤ በ1816 ሎፍበራ ያለውን ፋብሪካውን ሰዎች ገብተው ማሽኖቹን ሰባበሩበት። መስበሩ ምንም አላስቀረም። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን የማልታ ዳንቴል ከታየ በኋላ የቤድፎርድሺር ሴቶች ክሩ ወፈር ያለ፣ ቶሎ የሚያልቅ ዓይነት እየሠሩ ለጥቂት አሥርት ዓመታት ተፎካከሩ፤ ልጆችን ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ያስገቡት የ1870 እና የ1880 ሕጎች ደግሞ አዲስ እጅ እንዳይተካ አደረጉ። ለዚህ ዳሰሳ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዳንቴሉ ገበያ ሲያጣ የዶቃው ቀለበት አብሮ አልሞተም። በ1976 የእንግሊዝ የዳንቴል ሠሪዎች ማኅበር ሲቋቋምና ሙያው በትርፍ ጊዜ ሥራነት ሲያንሠራራ፣ ጠፍጣፋ ትራስ የያዙ፣ ቀለበቱን ለክብደት የማይፈልጉ ሰዎች እንኳ ቦቢኖቻቸውን በዶቃ ሞሉ። ግዴታው ሲቀር ምርጫው ብቻውን ቀረ ማለት ነው። ዶቃው ለክብደት ብቻ የነበረ ቢሆን ከትራሱ ጋር በጠፋ፤ ለጌጥ ብቻ የነበረ ቢሆን ደግሞ መጀመሪያውኑ ሆኒተን ላይም ፍላንደርስ ላይም ባየነው ነበር።

ዛሬ ቦቢን ለሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ የሚከተል ነገር አለ። ዳንቴሉ ወጥ ከሆነና ትራሱ ቁልቁለት ካለው የጎኖቹ ዶቃዎች ማዕዘን ያላቸውና ሻካራ ቢሆኑ ይመረጣል፤ የጥንዱ ሁለት ቀለበቶች በክብደት መመጣጠን አለባቸው፤ ቀላል የፕላስቲክ ዶቃ ዓይን ቢሞላም ክር አይወጥርም። ቁራጭ በቁራጭ ተሠርቶ የሚጋጠም ዳንቴል የሚሠራ ሰው ቀለበቱን ጨርሶ ይተወው። የታችኛው ትልቅ ፍሬ ግን የፈለገው ይሁን፤ እዚያ ላይ ማንም ሕግ የማውጣት መብት አልነበረውም፣ ዛሬም የለውም። አሮጌ ቦቢን በእጁ ያለ ሰው ደግሞ ሽቦው ዝጎ ቢያስጠላው፣ ዶቃው ባይመሳሰል፣ አንዱም ጎድሎ ቢሆን እንኳ አይፍታው፣ አያሳምረው። መጠገን ግድ ከሆነ የወጣውን ሽቦና ዶቃ ከነማስታወሻው በትንሽ ከረጢት አድርጎ ከቦቢኑ ጋር ያቆየው፤ ሻጩም ቀለበቱ አዲስ ከሆነ አዲስ ነው ብሎ ይሽጥ።